ጠዋት ኦፕራሲዮን፣ ማታ ቤት፦ በከፊል ስለሚቀየር ጉልበት

(አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለአገራችን አረጋውያንና ለልጆቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንበሩ ካልተመቻችሁ ተነሡ፣ ወዲህ ወዲያ በሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ ጉልበት ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ሰው ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ ተቀብሎ እስኪነቃና እስኪረጋጋ መከታተል ነው። ድሮ በሆስፒታል ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁት ሰው ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን በሚወጣበት የቀዶ ጥገና ማዕከል ነው። ሁለቱንም ከውስጥ አውቃቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁምና የእናንተን ጉልበት በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው።

ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ጉልበቴን ከፍተው ብረት ያስገባሉ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያሳድሩኝ ወደ ቤት ይሰዱኛል። ገንዘብ ለመቆጠብ ካልሆነ ለምንድን ነው?» ሁለተኛው ደግሞ ሆስፒታል ሲባል ይደነግጣል። «እዚያ ገብቶ የወጣ የለም፣ እኔን ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል። ሁለቱም ስለ ሕንፃው ነው የሚጨነቁት። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ «ዛሬ ማታ አብሮዎት የሚያድረው ማን ነው?»

ወደዚያ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ስለ ራሱ ስለ ኦፕራሲዮኑ።

ጉልበትን ሦስት ክፍል ያለው ቤት በሉት። አንዱ ክፍል በውስጥ በኩል ነው፤ ሁለቱ ጉልበቶቻችን በሚተያዩበት። አንዱ በውጭ በኩል ነው። ሦስተኛው የጉልበት ሎሚ ከምንላት አጥንት ሥር ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር ካርቲሌጅ ይባላል። እሱ በዕድሜም፣ በክብደትም፣ በድሮ ጉዳትም እየሳሳ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በውስጥ በኩል ያለው ነው። የአንዱ ክፍል ወለል ብቻ ካለቀ ቤቱን በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም። ያን ክፍል ብቻ በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ያድሱታል። የጉልበት ከፊል ቅየራ የሚባለው ይሄ ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ጉዳቱ በአንድ ክፍል የተወሰነ መሆን አለበት። በጉልበት መሀል ያለው የፊተኛው ጅማት ጤነኛ ቢሆን ይመረጣል። ሕመሙ ሩማቶይድ ከሆነ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን መገጣጠሚያውን የሚያጠቃ ከሆነ፣ አንዱን ክፍል ማደስ ዋጋ የለውም፤ ሌላውም ይከተላል። እኛ አገር ሁሉንም «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ላይ ግን የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ነገሩ አዲስ ሙከራ አይደለም። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ላይ ጆን ጉድፌሎ የሚባል ቀዶ ሐኪምና ጆን ኦኮነር የሚባል መሐንዲስ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሠሩት ሰው ሠራሽ ጉልበት ዛሬም፣ እየተሻሻለ፣ በከፊል ቅየራ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ነው። በ2019 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። 528 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሹ ከፊሉን፣ ለግማሹ ሙሉውን ቀየሩላቸውና አምስት ዓመት ተከታተሉ። በአምስት ዓመቱ ሕመሙም፣ መንቀሳቀሱም በሁለቱ ወገን ተቀራራቢ ነበር። በወጪ ግን ከፊሉ ይሻላል።

ይሄን ስትሰሙ «በቃ ከፊሉን» እንዳትሉ። ከፊሉ የተቀየረለት ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና ኦፕራሲዮን የመሆን ዕድሉ ሙሉው ከተቀየረለት ይበልጣል። እንግሊዝ አገር የተቀየሩ መገጣጠሚያዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ ይሄን በግልጽ ያሳያል። በሌላ በኩል እዚያው መዝገብ ላይ ከፊሉ የረጋ ደምን፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን)፣ ሞትንም ጭምር በተመለከተ የተሻለ ነው። ሌላም ነገር አለ። ይሄን ሥራ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ውጤቱ ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪማችሁን «በዓመት ስንት ከፊል ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ከተቀየመ እሱም መልስ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ።

አሜሪካ ውስጥ ሰው ሳያድር የሚወጣበት ራሱን የቻለ የቀዶ ጥገና ማዕከል መጀመሪያ የተከፈተው በ1970 ነው፤ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ። ያኔ የሚሠሩት ትናንሽ ኦፕራሲዮኖች ነበሩ። ጉልበት ለረጅም ጊዜ የሆስፒታል ሥራ ሆኖ ቆየ። የሙሉውን የጉልበት ቅየራ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ከሆስፒታል ሳይተኙ እንዲሠራ የፈቀደው በ2018 ነው። እንደ እኛ ባለ ማዕከል እንዲሠራ ደግሞ በ2020። ከፊሉ ከዚያ ቀደም ብሎ የተፈቀደ ነበር፤ ቀለል ስለሚል። ቁስሉ ያንሳል፣ ደም ብዙ አይፈስም፣ ጅማቶቹም አይነኩም።

የተቀየረው ግን ደንቡ ብቻ አይደለም። ድሮ ሰውን አልጋ ላይ የሚያቆየው ሦስት ነገር ነበር፦ ሕመም፣ ደም መፍሰስና ማቅለሽለሽ። ዛሬ ለደም መፍሰሱ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ። ለሕመሙ ከጭኑ በታችኛው በኩል አንድ ነርቭ አካባቢ ማደንዘዣ ይወጋሉ። ጥሩነቱ የጉልበቱን ስሜት ያደነዝዛል እንጂ የጭኑን ጡንቻ ብዙም አያደክምም። በፊት የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ ጡንቻውን ጭምር ስለሚያልፈሰፍስ ሰው ሊቆም ሲል እግሩ ይከዳው ነበር። ለማቅለሽለሹም አስቀድሞ መድኃኒት ይሰጣል።

አንድ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጠዋት በጾም ትመጣላችሁ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የቱ ጉልበት፤ ይሄን የሚጠይቃችሁ ሰው ብዙ ነው። አንዲት እናት በአራተኛው ሰው ተናድደው «ልጄ፣ ቅድም ነገርኳችሁ እኮ! አትጻጻፉም እንዴ?» ብለውኛል። የምንጠይቀው እንዳንሳሳት ነው። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ በሚሠራው ጉልበት ላይ በእስክሪብቶ ይፈርማል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ በጀርባ ይሰጣል። እንቅልፍ የሚያመጣም ይጨመርበታል። ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከዚያ እኔ ጋር ትመጣላችሁ። መጀመሪያ የምላችሁ «የእግር ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ» ነው። አይንቀሳቀስም። አትደንግጡ፤ ማደንዘዣው ነው። ቀስ እያለ ይመለሳል። ሲመለስ ሻይ ወይም ጭማቂ፣ ብስኩት እሰጣለሁ። ከዚያ ሽንት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል፣ ግን የጀርባ መርፌ ፊኛን ስለሚያደነዝዝ ሳትሸኑ መልቀቅ አስቸጋሪ ነው። የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው አባቶች በተለይ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሩን።

ሽንት ከሆነ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዎከር (በሁለት እጅ ይዘው የሚራመዱበት መደገፊያ) ይዞ ይመጣል። ትቆማላችሁ። በዚያው ቀን፣ በአዲሱ ጉልበት! ኮሪደሩን ትሄዳላችሁ። ከዚያ ጥግ ላይ የእንጨት ደረጃ አለችን፣ ሦስት አራት እርከን። ሕጓ አንዲት ናት፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተሠራው ይቀድማል። አንድ አባት ይሄን ሲሰሙ ቆም ብለው አሰቡና «ስወጣ ጤነኛው፣ ስወርድ በሽተኛው» ብለው ለራሳቸው እየደጋገሙ ወጡ ወረዱ። ልጃቸው ከታች ሆና በስልኳ ቀረጸቻቸው።

ደረጃውን ከወጣችሁ፣ ሕመሙ በእንክብል ከተያዘ፣ ደም ግፊታችሁ ከተስተካከለ፣ ከጎናችሁም አዋቂ ሰው ካለ ትሄዳላችሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ትቆያላችሁ፤ ወይም ወደ ሆስፒታል ትዛወራላችሁ። ለዚህ ነው ማዕከሉን አስቀድማችሁ «አንድ ነገር ቢፈጠር ወደ የትኛው ሆስፒታል ትወስዱኛላችሁ?» ማለት ያለባችሁ። ሌላም ጥያቄ ጨምሩበት። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ጉልበቱን ከፍቶ ሲያይ ጉዳቱ ከራጁ ይብስና ሙሉውን ለመቀየር ይወስናል። የምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ይሄ ሊኖር ይችላል። «እንደዚያ ከሆነ ያን ቀን ቤቴ እገባለሁ ወይስ አድራለሁ?» በሉ።

ታዲያ ሆስፒታል የሚሻለው ለማን ነው? ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለታመመ። ከባድ የሳንባ ችግር ላለበት። ስኳሩ ከቁጥጥር ለወጣ፤ እንዲያውም ስኳሩ እስኪስተካከል ብዙ ሐኪሞች ኦፕራሲዮኑን ራሱን ያራዝማሉ፣ ቁስል በኢንፌክሽን ስለሚያዝ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ። ተኝቶ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ። ይሄን የመጨረሻውን እኛ ቀልድ እናደርገዋለን። «አባባ ሲያንኮራፋ ጣሪያው ይነሣል» እያልን እንሥቃለን። ግን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ትንፋሽን ያዘገያል። በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ያን ወስዶ ብቻውን ቢተኛ አደጋ አለው። ስለዚህ ማንኮራፋቱን የምታውቁት እናንተ ሚስቶች ናችሁ፤ ለሐኪሙ የምትናገሩትም እናንተው።

እዚህ ላይ ዕድሜን አልጠቀስኩም። ብዙ ሰው ዕድሜን ነው የሚፈራው። የ75 ዓመት እናት፣ ግፊታቸው በመድኃኒት የተያዘ፣ በየጠዋቱ የሚራመዱ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ከሆነ ከሰዓት በኋላ በሰላም ቤታቸው ይገባሉ። የ58 ዓመቱ ጎልማሳ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለበት፣ ብቻውን የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው። ጤናው ምንም አይልም። ግን ማን ውኃ ያቀብለዋል? እኔ ብጠየቅ ሆስፒታል ማደር ያለበት እሱ ነው።

አሁን ስለ ሌሊቱ። ያ የነርቭ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ወይም እስከ አንድ ቀን ይቆያል። ሰው ቤቱ ገብቶ «ውይ፣ ምንም አላመመኝ እኮ!» ይላል። ስልክ ይደውላል። መድኃኒቱን «ካላመመኝ ለምን እወስዳለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማደንዘዣው ይለቅና ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ያኔ የሚዋጥ እንክብል ቶሎ አይደርስለትም። ድንገተኛ ክፍል የሚመጡትን ሰዎች ሳይ ብዙዎቹ ኦፕራሲዮኑ ያልተበላሸ፣ መድኃኒቱ ብቻ ያለፈባቸው ናቸው። ሳያማችሁ፣ በሰዓቱ ዋጡ። አልጋችሁ አጠገብ ያለ ሰው ማንቂያ ይሙላ። አብሮ የሚያድረው ማን ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ጾምም አለ። አንዳንዱ የሕመም መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ይጎዳል። በጾም ወቅት ኦፕራሲዮን የምትሆኑ ቀደም ብላችሁ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሙስሊም ወንድም እህቶቼም በረመዳን እንደዚሁ። ለታመመ ሰው መንገድ አለው፤ እናንተ ናችሁ እምቢ የምትሉት። አብሽ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል በብዛት የምትወስዱም ለሐኪሙ ንገሩ። አንዳንዱ የደምን መርጋት፣ አንዳንዱ ስኳርን ስለሚነካ ማወቅ ይፈልጋል። አይሥቅባችሁም።

ጠያቂውንም ላንሣ። እኛ ታሞ ያልጠየቅነው ሰው ያዝንብናል። ሆስፒታል ቢሆን ነርሷ ቆጣ ብላ ታስወጣለች። ቤት ግን ነርስ የለም! ገና በመጀመሪያው ማታ ስምንት ሰው ሳሎን ይሞላል። እማማ ተነሥተው «ቡና ላፍላ» ይላሉ። በርጩማ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ መነሣት ያቅታቸዋል። ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በሩን ያዙ። «በስልክ ጠይቁልን፣ ቅዳሜ ኑ» በሉ። ዝቅ ያለውን ሶፋ ትታችሁ ጠንካራ፣ ክንድ ያለው ወንበር አዘጋጁ። ምንጣፉን ጠቅልሉ። ሽንት ቤቱ ላይ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ግጠሙ። ሲተኙ ደግሞ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አታድርጉ፤ ይመቻል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደክሟችሁ ከሆነ እዚህ ንቁ።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ማደር ማለት ለኢንሹራንስ «ተኝቶ ታካሚ» መሆን ማለት አይደለም። አንድ ሌሊት ሙሉ ሆስፒታል አድራችሁ፣ እራት በልታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ተመላላሽ» ተብላችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። በሜዲኬር ደንብ ሐኪሙ ሁለት እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ሕክምና ያስፈልጋል ብሎ ካሰበ ነው በአብዛኛው ተኝቶ ታካሚ የምትባሉት። ካልሆነ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆየ) ወይም ተመላላሽ ናችሁ። ልዩነቱ ምን ያመጣል? አንደኛ፣ ክፍያው ከፓርት ኤ (ተኝቶ መታከምን ከሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ወደ ፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን ወደሚሸፍነው) ይዞራል። በየቀኑ ቤት የምትወስዱትን የግፊት እንክብል ሆስፒታሉ ሲሰጣችሁ እሱም ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል። በዋናው ሜዲኬር ከሆስፒታል በኋላ ማገገሚያ ማዕከል ለመግባት ሦስት ቀን ተኝቶ ታካሚ ሆኖ መቆየት ያስፈልጋል። ተመላላሽ ሆናችሁ ያደራችሁት ሌሊት አይቆጠርም። «እማዬን ከሆስፒታል ቀጥታ ማገገሚያ እናስገባታለን» ብሎ ያቀደ ልጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ለከፊል ጉልበት ያ ዕቅድ በአብዛኛው አይሠራም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ያላችሁ ደንባችሁ ሊለይ ይችላልና ካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ።

በማዕከልና በሆስፒታል መካከል ያለው ዋጋስ? ጠቅላላ ሒሳቡ በማዕከል ያንሳል። ከናንተ ኪስ የሚወጣው ግን ያንሳል ማለት አይደለም። በሆስፒታል ተመላላሽ ሆናችሁ ስትሠሩ፣ ለዚያ ኦፕራሲዮን ለሆስፒታሉ የምትከፍሉት ድርሻ በአብዛኛው ግዛት ጣሪያ አለው (የሜሪላንድ ሆስፒታሎች አከፋፈል ስለሚለይ አስቀድማችሁ ጠይቁ)። ጣሪያው የዓመቱ የፓርት ኤ መነሻ ክፍያ ነው፤ ማለትም ተኝቶ ታካሚ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚከፍለው። በማዕከል ሃያ ከመቶ ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ርካሹ ቦታ ሊወደድ ይችላል። ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። እኔንም ያናድደኛል። የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ቦታ ዋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽ አለ፤ ልጆቻችሁ ያውጡላችሁ።

ጥያቄ ተቀብዬ ነበር፤ ጥቂቱን ልመልስ።

«ልጄ ታስተረጉምልኝ?» ባታስተረጉም ይሻላል። ነፃ አስተርጓሚ በሕግ መብታችሁ ነው፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። በተለይ የ14 ዓመት የልጅ ልጃችሁን ስለ ፊኛና ስለ ሽንት አታስተርጉሙት። እሱም ያፍራል፣ እናንተም የሚያማችሁን ትደብቃላችሁ።

«ስግደትስ? ሶላትስ?» መንበርከክ ብረቱን ይሰብረዋል የሚባለው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ይቆረቁረዋል፣ ቁስሉ ጠባሳ እስኪሆንም መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ወንበር ላይ ሁናችሁ ስገዱ። መቼ እንደምትጀምሩ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ስትጀምሩ ትራስ ላይ ጀምሩ።

«መቼ ነው መፍራት ያለብኝ?» ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ። ለትንፋሽና ለደረት ወደ ማዕከሉ አትደውሉ፤ ቀጥታ 911። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሙ ደውሉ። ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ የሁላችሁም ናት፦ «አገር ቤት መቼ መሄድ እችላለሁ?» ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቁጭ ማለት ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ያን ያህል መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። አንዳንዱ ሐኪም ስድስት ሳምንት ይላል፣ አንዳንዱ ሦስት ወር። ለፋሲካ ትኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ የኦፕራሲዮኑን ቀን ከመያዛችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ስትሄዱም የመተላለፊያ ወንበር ያዙ፣ በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። ፍተሻው ላይ ማሽኑ ይጮኽ ይሆናል። ጉልበታችሁን አሳዩአቸው፤ ለምደውታል።